በረዶ የመለሳቸው ሽማግሌዎች

ዓመቱን በትክክል አላስታውሰውም። መብራት ጠፍቶ አገሩ ሁሉ የተንቀጠቀጠበት ያ ክፉ ክረምት እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ከእሱ ወዲህ ነው። ባለቤቴን ስጠይቃት «አረንጓዴው ሶፋ ሳይሸጥ ነው» ትለኛለች። የእሷ ዘመን አቆጣጠር በዕቃ ነው። እኔ የማስታውሰው ቀኑ ቅዳሜ መሆኑንና ዐቢይ ጾም አለመግባቱን ነው፤ ምክንያቱም ገንፎው ቅቤ ነበረው። ገንፎው ጋ እደርሳለሁ፤ የሚያስቸኩለኝ ነገር የለም።

የምንኖረው ቴክሳስ ውስጥ፣ ዳላስ አጠገብ ሌዊስቪል ነው። ቤታችን ትንሽ ከፍ ብሎ የተቀመጠ ነው፤ ከመንገዱ እስከ በሩ ያለው የመኪና መግቢያ ዳገት ነው። በደረቅ ቀን ዳገት መሆኑን ማንም ልብ አይለውም። ሦስት ልጆች አሉን። ሁለቱ ወንዶች ሥራ ፍለጋ አንዱ ሲያትል፣ አንዱ ሚኒሶታ ሄደው እዚያው ትዳሩንም በረዶውንም ለመዱት። የመጨረሻዋ ሴት ናት፤ ነርስ ናት፤ ከእኛው ጋር ትኖር ነበር። ታዲያ ያን ሰሞን ለእናቷ «አንድ ሰው አለ» ብላ ነገረቻት። እናቷ ለእኔ ነገረችኝ። በእኛ ወግ አባት እንዲህ ያለውን ነገር ሰምቶም እንዳልሰማ ነው። ስለዚህ ቅዳሜ ሽማግሌ እንደሚመጣ አውቅ ነበር፤ አላውቅምም ነበር።

የቴሌቪዥኑ ሰውዬ በረዶው ቅዳሜ ማታ ይገባል ብሎ ነበር። ቴክሳስ ውስጥ በረዶ ይመጣል ከተባለ ሰው ሁሉ ዳቦና ወተት ይሻማል። ባለቤቴም ዳቦ ታቅፋ መጣች። እኛ ቤት የፈረንጅ ዳቦ የሚበላ ሰው የለም።

«ታዲያ ለምን ገዛሽው?» ብላት፣

«ሰው ሲሻማ እያየሁ ባዶ እጄን ልውጣ?» አለችኝ።

በረዶው ማታን አልጠበቀም። ጠዋት ስነሳ መጀመሪያ እንደ ጠጠር መስኮቱን ይመታው ነበር፤ ቀጥሎ ድምፁን አጥፍቶ፣ ሰፋ ሰፋ እያለ ይወርድ ጀመር። እንዲህ ያለ ጸጥታ በዚህ አገር ሰምቼ አላውቅም። የሣር ማጨጃ የለም፣ መኪና የለም፤ ቀን ከሌት የሚያጓራው ሀይዌይ እንኳ አፉን ዘጋ። የጎረቤት ልጆች መንሸራተቻ ስለሌላቸው የልብስ ቅርጫት ውስጥ ተቀምጠው ቁልቁል ይሄዳሉ። ልጄ ያን ቀን ሥራ የላትም፤ ባለቤቴ ወጥ ቤት ናት፤ እኔ ጋቢዬን ተከናንቤ መስኮት ሥር ተቀምጫለሁ። «በዚህ በረዶ ማንም አይመጣም» አልኩ በልቤ። ደስም አለኝ። ልጄ ግን ስልኳን ይዛ ከሳሎን ወጥ ቤት፣ ከወጥ ቤት ሳሎን ትመላለሳለች።

«ምን ሆነሽ ነው?»

«ምንም አባዬ። ስኖው እያየሁ ነው።»

የምታየው ስልኳን ነበር።

ደወሉ ተደወለ።

ሦስት ሆነው ቆመዋል፤ ሙሉ ልብስ፣ ከላዩ ነጠላ፣ ከታች የተወለወለ የቆዳ ጫማ። ትልቁ ዳላስ ውስጥ ዕድሜያቸውን ሙሉ ታክሲ ነድተው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው፤ በየሠርጉ እሳቸው ይቀድማሉ። ሁለተኛው ቀጭን፣ ስኳር ያለባቸው ሰው ናቸው። ሦስተኛው ገና ጎልማሳ ነው፤ የጭነት መኪና ድርጅት ውስጥ ስልክ ያነሳል፤ ቁጥር ለማሟላት የመጣ ይመስለኛል።

«ግቡ፣ ተቀመጡ» አልኳቸው።

«አንቀመጥም፤ ጉዳይ አለን» አሉ ትልቁ።

ይህም ወግ ነው። ከጫማቸው የሚቀልጠው በረዶ ምንጣፉ ላይ ይንጠባጠባል። ባለቤቴ ምንጣፉን እያየች «ኧረ ተቀመጡ» አለች። አልተቀመጡም። ልጄ እንደ ደንቡ መኝታ ቤቷ ገባች፤ በሩን ግን አልዘጋችውም።

«የመጣነው ለበጎ ነው» አሉ ትልቁ ጉሮሯቸውን ጠርገው። «ልጅዎን ለልጃችን እንዲሰጡን ነው። ልጃችን ጨዋ ነው፣ ሠራተኛ ነው፣ እግዚአብሔርን የሚፈራ ነው።»

«ሶ፣ ክሬዲቱም ጥሩ ነው፤ ባንክ ያምነዋል» አለ ጎልማሳው። ትልቁ በክርናቸው ጎሸም አደረጉት።

እኔም በደንቡ መለስኩ። «አክብራችሁ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። ግን እኔ ብቻዬን አይደለሁም። ወንድም አለኝ፣ ዘመድ አለኝ። እንመካከርና ከአሥራ አምስት ቀን በኋላ ተመለሱ።»

በመጀመሪያው ቀን እሺ ያለ አባት ልጁ የከበደችው ይመስላል፤ ስለዚህ ቀጠሮ ይሰጣል። ይህን ሁሉም ያውቃል። ያላወቁት አንድ ነገር ቢኖር፣ ዘመዶቼ አንድ ቀን እንኳ እንደማይፈጅባቸው ነው። አሥራ አምስቱን ቀን የፈለግኋቸው እኔ ነበርኩ። ሁለቱ ወንዶች ሲሄዱ አይቻለሁ። መጀመሪያ በየሳምንቱ ይደውላሉ፤ ከዚያ በየበዓሉ፤ ከዚያ ፎቶ ይልካሉ። እሷም ከሄደች እኔና ባለቤቴ በዚያ ቤት ውስጥ ዳቦ ይዘን እንቀራለን።

ሽማግሌዎቹ እጅ ነስተው ወጡ። ከመኝታ ቤት የመጣው የልጄ ትንፋሽ እስከ ሳሎን ተሰማኝ።

መስኮቱ ጋ ቆሜ ሸኘኋቸው። ከዳገቱ ሲወርዱ ተያይዘው ነበር፤ ጎልማሳው መሐል ላይ ቁጭ አለና ሁለቱን ይዞ ታች ደረሰ። ከመንገዱ ዳር አንዲት ነጭ መኪና ትጠብቃቸዋለች። ገቡ። ጎማው ጮኸ። መኪናዋ ወደፊት ትሄዳለች ስንል ወደ ጎን ሄደች፤ የፖስታ ሣጥናችን ላይ ተደግፋ ቆመች። ትንሽ ቆይቶ በሮቿ ተከፈቱና ሦስቱ ሽማግሌዎች እየተደጋገፉ ዳገቱን ተመልሰው ይወጡ ጀመር።

ደወሉ እንደገና ተደወለ።

«ቤቶች!» አሉ ትልቁ። ነጠላቸው ነጭ በነጭ ሆኗል። «አሁን የመጣነው በሽምግልና አይደለም፤ በበረዶ ነው።»

«በምንም ኑ! አሁንስ ተቀመጡ!» አለች ባለቤቴ። በበረዶ ስለመጡ ተቀመጡ።

«ሹፌሩስ የት አለ?» አልኩ።

«ሄደ» አሉ ባለ ስኳሩ።

«ይመጣል» አለ ጎልማሳው፣ በዚያው ቅጽበት።

«መኪናውን እየጠበቀ ነው» አሉ ትልቁ።

«ከማን ነው የሚጠብቀው?» አለች ባለቤቴ። «በዚህ በረዶ ሌባ እንኳ አይወጣም።»

ሦስቱም ጣራ ጣራ አዩ።

ከዚያ የገንፎው ነገር መጣ። ባለቤቴ ብርድ ሲሆን ገንፎ ታገነፋለች፤ መሐሉን ጎድጎድ አድርጋ በቅቤና በበርበሬ ትሞላዋለች። ሽታው ከወጥ ቤት ወጥቶ በሦስቱም አፍንጫ በተራ ሲያልፍ አየሁት። አቀረበችላቸው። ትልቁ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው፣

«ይቅርታ ያድርጉልን፤ መልስ ሳንሰማ እህል አንቀምስም» አሉ።

«በሽምግልና አይደለም የመጣነው ብላችሁ የለም?»

«እኛ በበረዶ ነው የመጣነው። ሆዳችን ግን ከጠዋት ጀምሮ ሽምግልና ላይ ነው።»

ገንፎ ደግሞ ጠላቱ ጊዜ ነው። ሲበርድ ድንጋይ ይሆናል። ሁላችንም ክብ ሠርተን አጠገቡ ተቀመጥን፣ እንደ ታመመ ዘመድ እያየነው። እኔም እንግዳ ሳይበላ መብላት አልቻልኩም። ባለ ስኳሩ ከኪሳቸው ከረሜላ አወጡ፣ አዩት፣ ትልቁን አዩዋቸው።

«ከረሜላ እህል ነው?»

«ስኳር ነው።»

«የእኔም በሽታ ስኳር ነው። ሲወርድብኝ መድኃኒቱም እሱ ነው።»

ትልቁ ጥቂት አሰቡ። «ለመድኃኒት ይፈቀዳል። ግን እንዳያኝኩት። ይምጠጡት።»

«ሶ፣ እኔም ራሴን እያመመኝ ነው» አለ ጎልማሳው።

«አንተ ጤነኛ ነህ» አሉት።

እንዲህ ሆነን እኩለ ቀን ሆነ። ምን ልበላችሁ፣ ደስ ይል ነበር። ትልቁ ስለ ታክሲ ዘመናቸው ያወራሉ፤ ባለ ስኳሩ ከረሜላቸውን ይመጥጣሉ፤ ባለቤቴ በጎልማሳው ጫማ ላይ ትስቃለች፤ በረዶው ይወርዳል። ያቺ ነጭ መኪና ግን ከፖስታ ሣጥኑ አጠገብ አልተነቃነቀችም። ጭስ ትለቃለች፤ ትንሽ ቆይታ ታቆማለች፤ እንደገና ትለቃለች። ባየኋት ቁጥር አንዱ ሽማግሌ ሌላ ወሬ ይጀምራል።

ከዚያ ማዶ ያለችው ጎረቤታችን መጣች። አሮጊት አሜሪካዊት ናት፤ በቤት ልብስና በዝናብ ቦቲ፣ መጥረጊያ ተመርኩዛ። በሩን ስከፍት ነገሯን ቶሎ ቶሎ ተናገረችው። ያች መኪና ውስጥ ከጠዋት ጀምሮ ሰው አለ፤ ታሟል ወይስ ሌላ ነገር ነው፤ ካላወቃችሁት ፖሊስ ልጥራ ወይ ነው የምትለው። እኔ ኤርፖርት ዊልቸር እየገፋሁ ብዙ ዓመት የሠራሁ ሰው ነኝ፤ ትምህርት ባይኖረኝም ይህን ያህል እንግሊዝኛ አያመልጠኝም። ወደ ሽማግሌዎቹ ዞርኩ።

«ምንድን ነው የምትለው ሴትዮዋ?» አሉኝ ትልቁ። በእንግሊዝኛ ከፖሊስ ጋር ተከራክረው ቅጣት ያሰረዙ ሰው ናቸው።

«እኔ እንጃ» አልኩ።

«እኛም አልገባንም» አሉ ሦስቱም።

ልጄ ከመኝታ ቤቷ በካልሲዋ ሮጣ ወጣች።

«ፖሊስ እንዳትጠሪ! የኔ ነው» አለቻት።

«መኪናው ነው ያንቺ?»

«መኪናውም። ሰውየውም።»

ጎረቤታችን ልጄን አየች፣ እኔን አየች፣ ሙሉ ልብስ ለብሰው ገንፎ ከበው የተቀመጡትን ሦስት ሰዎች አየች። «ታዲያ ለምን አይገባም?» አለች።

ልጄ ዞራ እኔን አየችኝ። እኔ በረዶውን አየሁ። አሮጊቷ ትከሻዋን ነቅንቃ መጥረጊያዋን እየተመረኮዘች ተመለሰች።

በሩን ስዘጋው ቤቱ ውስጥ የሚሰማው የባለ ስኳሩ ከረሜላ ብቻ ነበር።

«ሴትዮዋ ጥሩ ነገር ጠየቀች» አለች ባለቤቴ፣ እንግሊዝኛ አልችልም የምትለው ባለቤቴ።

ትልቁ ቀስ ብለው ተናዘዙ። «ምን እናድርግ፤ እኔ ዓይኔ ደክሟል፣ እሳቸው ስኳር አለባቸው፣ የዚህ ጎልማሳ መኪና ጋራዥ ናት። የሚያደርሰን ስናጣ ልጃችን ራሱ 'እኔ ልንዳ' አለ። ሙሽራ ሽማግሌውን ይዞ አይመጣም፤ ነውር መሆኑን እናውቃለን። 'ከመኪና አልወርድም፣ ማንም አያየኝም' ብሎ ነው። በረዶው አጋለጠው።»

«አባዬ፣ ማሞቂያውን እያጠፋ ነው የሚቆየው። ቤንዚን እያለቀበት ነው» አለች ልጄ። ድምፅዋ ተለወጠብኝ።

«መልስ ካልሰጠሁ እንዴት ይገባል? ከዘመድ ሳልመክር ደግሞ እንዴት...»

ባለቤቴ ስልኬን ከጠረጴዛው አንስታ እጄ ላይ አስቀመጠችው። «ምከር» አለችኝ። «ዛሬ ሁሉም ቤቱ ነው።»

ታላቅ ወንድሜ ያለው ደብረ ማርቆስ ነው። ጆሮው ይደክማል፤ ስለዚህ ይጮኻል። ነገሩን ከጫፍ እስከ ጫፍ ነገርኩት።

«ዘሩ ተቆጥሯል?» አለ።

«እስከ ሰባት ቤት ቆጥረናል፤ አይገናኙም» ብለው ትልቁ ወደ ስልኩ ጮኹ።

«ልጁ ጤነኛ ነው?»

«ከጠዋት ጀምሮ በረዶ ላይ መኪና ውስጥ ተቀምጧል» አልኩት።

«አሁንም አለ?»

«አለ።»

«እንግዲያ ጤነኛ ነው። ምን ትጠይቀኛለህ?» ብሎ ዘጋብኝ።

ሁሉም አዩኝ። ሽማግሌዎቹ ተነስተው ቆሙ፤ መልስ የሚሰማው ቆሞ ነው። እኔም አፌን ከፈትኩ። እሺ ማለት ሁለት ፊደል ነው፤ አልወጣልኝም። ከእኔ በቀር የቤቱ ሰው ሁሉ ተዘጋጅቷል። «መጀመሪያ ያችን መኪና ልያት» አልኩና ካፖርቴን ለበስኩ፤ ጋቢዬን ደረብኩበት። ባለቤቴ ጫማዬን በሱቅ ላስቲክ ጠቅልላ ቁርጭምጭሚቴ ላይ አሠረችልኝ። አስተሳሰሯ ጠበቅ ያለ ነበር።

ዳገቱን የወረድኩት በቂጤ ነው ቢባል ውሸት አይደለም። መኪናዋ ጋ ደርሼ መስኮቱን መታሁ። ልጁ ውስጥ ተኮራምቶ ነበር፤ የመኪናዋን ምንጣፍ እግሩ ላይ አልብሷል። እኔን ሲያይ ደነገጠ። ወርዶ እጅ ሊነሳ በሩን ከፈተና እግሩ መሬት ሲነካ ከዓይኔ ጠፋ። ከመኪናዋ ሥር «ጤና ይስጥልኝ አባባ» የሚል ድምፅ ሰማሁ።

«ተነስ፣ ተነስ። ግባ» አልኩት። በሌላው በር ዞሬ አጠገቡ ተቀመጥኩ።

መስታወቱን በረዶ ሸፍኖታል፤ ምንም አይታይም። ሁለታችንም ወደማይታየው ነገር ፊት ለፊት አየን።

«ቀኑን ሙሉ ምን ስትሠራ ዋልክ?»

«ምንም። ተቀመጥኩ።»

«ለምን በእግርህም ቢሆን ሆቴል አልሄድክም? ሀይዌዩ ጋ እኮ አለ።»

«ሽማግሌዎቼን ትቼ?» አለ። ከዚያ ፈራ ተባ እያለ፣ «አባባ፣ አንዱ ስኳር አለባቸው። መድኃኒታቸው እዚህ ቀርቷል። ቢወስዱላቸው» ብሎ ትንሽ ከረጢት ሰጠኝ። በብብቱ ይዞት ስለዋለ ይሞቅ ነበር።

ተቀብዬ ጭኔ ላይ አስቀመጥኩት። ያሰብኩት ሌላ ነበር፤ አፌ ያወጣው ግን፣ «የት ልትወስዳት ነው?» የሚለውን ነው።

«የት ማለት?»

«ሲያትል ነው? ሚኒሶታ ነው?»

«እኔ?» አለ ግራ ገብቶት። «እኔ ምን መብት አለኝ አባባ። እሷ እኮ ነግራኛለች። 'የእናቴ ወጥ ሳይበርድ ከሚደርስበት አልርቅም' ብላኛለች። በመኪና ለክተነዋል። ዴንተን ከተማ ይበቃል፤ ግማሽ ሰዓት አይሞላም፤ ከዴንተን ካለፈ ይበርዳል።»

ለክተውታል። እኔ ቀን ለማራዘም ስጥር እነሱ ወጥ ጭነው መንገድ ሲለኩ ከርመዋል። ሳቅ መጣብኝ፤ ልጁ ለምን እንደምስቅ ስላልገባው እሱም ለጨዋነት ያህል ሳቀ።

«ና ውረድ» አልኩት።

«መልስ ሳልሰማ?»

«ውረድ ነው የምልህ። ብቻዬን ዳገቱን የምወጣ ይመስልሃል?»

ወጣን። በሕይወቴ ብዙ ዳገት ወጥቻለሁ፤ እንደዚያኛው ያለ ግን አላጋጠመኝም። ሁለት እርምጃ ወጥተን አንድ እንመለሳለን። ከላይ ባለቤቴ በሩ ላይ ቆማ የወጥ ቤቱን ጨው እየበተነችልን ነው። «በርበሬም ጨምሩበት!» ይላሉ ባለ ስኳሩ ከመስኮት። «ግራ! አባባን በግራ ያዝ!» ይላል ጎልማሳው፤ ሥራው በስልክ መኪና መምራት ነውና። መሐል ላይ እግሬ ከድቶኝ ወደ ኋላ ስሄድ ልጁ በሁለት እጁ ወገቤን አቅፎ ያዘኝ። ራሱ ተንበረከከ፤ እኔን ግን አልለቀቀኝም። ከዚያ ወዲያ በክብር መሄዱ ስላላዋጣን በአራት እግራችን ወጣን፣ እሱ ከኋላ እየገፋኝ፣ የመድኃኒቱን ከረጢት እኔ በጥርሴ ይዤ።

ደጃፉ ላይ ስደርስ ሽማግሌዎቹ ተሰልፈው ቆመዋል። ልጄ ከኋላቸው ሁለት እጇን አፏ ላይ አድርጋለች። ልጁ ከደፍ ውጭ ቆመ፤ አንድ እግሩን እንኳ አላስገባም። ትልቁ ሽማግሌ ነጠላቸውን አስተካከሉ፤ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፤ እንደ ማያውቅ ሰው ልጁን ከላይ እስከ ታች አዩት።

«ደግፎ ያወጣዎት ይህ ሰው ማን ነው?» አሉኝ።

ከረጢቱን ከጥርሴ አወጣሁ። እጁን ይዤ ወደ ውስጥ ሳብኩት።

«አማቼ ነው» አልኩ።